ደንበኛው ሳይገባ የሚሰካ ዶሮ
በባሕር ዳር ለምግብ ቤት ባለቤቶችና ለመስተንግዶ ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር

ክቡራን የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ የወጥ ቤት ኃላፊዎች፣ አስተናጋጆችና የመስተንግዶ ሠልጣኞች፤

ዛሬ የምናገረው በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ተሰክቶ ስለሚጠበስ ዶሮ፣ ይልቁንም ያን ዶሮ ሊበላ ስለሚመጣው ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሠርግ የሚደገስበት ሆቴል አይደለም፤ ቁርጥ የሚበላበት ሥጋ ቤትም አይደለም። ሰው ከሥራ ሲወጣ ቤተሰቡን ወይም ጓደኞቹን ይዞ፣ ያለ ቀጠሮ ጎራ ብሎ፣ በእጁ በልቶ፣ መጠነኛ ሂሳብ ከፍሎ የሚሄድበት ቤት ነው። ቤቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍት ደግሞ ደንበኛው ዓባይ ማዶ የበላውን ያንኑ ዶሮ በመሃል ከተማም ሳይለወጥ ማግኘት ይፈልጋል።

በእነዚህ ቤቶች የሚሰማው ቅሬታ ብዙ ቢመስልም ሲሰበሰብ ጥቂት ነው። ዶሮው አልቋል ይባላል፤ ወይም ዶሮው አለ፣ ነገር ግን ደርቋል፤ ወይም አልደረቀም፣ ነገር ግን ቀዝቅዟል፤ ወይም ትኩስ ነው፣ ነገር ግን እስኪመጣ ድረስ ሰው በረሃብ ተሰላችቷል። ባለቤቱ እነዚህን ቅሬታዎች ሲሰማ የመጀመሪያውን በገበያው፣ ሁለተኛውን በሼፉ፣ የቀሩትን በአስተናጋጁ ላይ ያላክካል። እኔ ግን አራቱም ከአንድ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው እላለሁ፤ እርሱም ዶሮው በስንት ሰዓት ዘንግ ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ አለመታቀዱ ነው። ደንበኛው ተደስቶ ወይም ተቀይሞ መውጣቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በሩን ከመክፈቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አስቀድሞ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት በሥራው ባሕርይ ውስጥ አለ። በከተማችን የለመድነው ምግብ አብዛኛው በትእዛዝ የሚሠራ ነው። ጥብሱ ሲታዘዝ ምጣዱ ይጣዳል፤ በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶችም ቀረሶው ዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገባው ደንበኛው ተቀምጦ ካዘዘ በኋላ ነው፣ ቢዘገይም መዘግየቱ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። የሚሽከረከር ዶሮ ግን እንዲህ አይደለም። ታርዶና ጸድቶ ከአንድ ኪሎ ከሩብ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን የፈረንጅ ዶሮ በደንብ እስኪበስል ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በዝግታ ሲዞር የሚቀልጠው ስብና የሚወጣው ፈሳሽ ወደ እሳቱ ከመንጠባጠብ ይልቅ በቆዳው ላይ ይንከባለላል፤ ዶሮው በገዛ ስቡ እየተቀባ የሚበስለው፣ ቆዳውም ወርቃማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እሳቱን በመጨመር ይህን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም፤ ቆዳው ያርና አጥንቱ ሥር ጥሬ ይቀራል። እንግዲህ ይህን ዶሮ የሚያዘው በእውነቱ ደንበኛው ሳይሆን፣ ረፋዱ ላይ ዛሬ ስንት ሰው ይመጣል ብሎ የሚገምተው ሠራተኛ ነው።

ግምቱ ካነሰ ዶሮው ያልቃል። ግምቱ ከበዛ ደግሞ የተረፈው ዶሮ ወደ ማሞቂያው ይገባና ሁለተኛው ችግር ይጀምራል። ለጤና ሲባል የዶሮ ሥጋ በወፍራሙ ቦታ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባዋል፤ ከበሰለ በኋላም እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ከዚያ በታች፣ እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ባለው ሙቀት ውስጥ፣ ተሐዋስያን በፍጥነት ይራባሉ። ነገር ግን ማሞቂያው ውስጥ ያለው ዶሮ ጊዜ በገፋ ቁጥር ውሃውን እያጣ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚጎዳውም ደረቱ ነው፤ ስቡ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። እግሩ ግን ጅማቱ የሚለሰልሰው በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ ቢቆይም ይታገሣል። ከአንድ ዶሮ የበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ «ግሩም ነው» ሌላው «እንጨት ነው» ብለው ሲከራከሩ ብትሰሙ አትገረሙ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ዶሮውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ መስካት ነው። የምሳ ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይገባል እንበል። ማሽኑ 20 ዶሮ የሚይዝ ከሆነና 20ውም 5 ሰዓት ላይ ከተሰኩ፣ ሁሉም 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ፤ 8 ሰዓት ላይ የመጣው ደንበኛም ለአንድ ሰዓት ተኩል የቆየውን ይበላል። አምስት አምስቱ በ20 ደቂቃ ልዩነት ቢሰኩ ግን የመጀመሪያዎቹ 6፡30፣ የመጨረሻዎቹ 7፡30 ላይ ይወርዳሉ፤ ማንኛውም ደንበኛ ከእሳት ከወረደ ብዙ ያልቆየ ዶሮ ያገኛል ማለት ነው። ዘንጎቹ አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩበት ማሽን ከሆነ አዲሱ ጥሬ ምንጊዜም ከታች ይሰካ፤ የጥሬ ዶሮ ፈሳሽ በበሰለው ላይ ሲንጠባጠብ ማየት የማይታለፍ ስሕተት ነው። ይህን ሥርዓት ለመጀመር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት፣ ዶሮው የሚሰካበትና የሚወርድበት ሰዓት የሚጻፍበት አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሉ። አዲስ ማሽን ለማስገባት ብዙ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ይህን ደብተር ለመያዝ ሲሰለቹ ማየቴ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ግምቱ እንመለስ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የባሕር ዳር ነጋዴ በሌላ አገር ያሉ ባልደረቦቹ የማያገኙት ዕድል አለው። የውጭ አገር ሰንሰለት ምግብ ቤቶች ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ለመገመት ብዙ ወጪ ያወጣሉ። እኛ ዘንድ ግን ከግምቱ ትልቁ ክፍል በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የጾምና የበዓል ቀን አወጣጥ፣ አስቀድሞ የተሰላ ነው። ረቡዕና ዓርብ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ምእመን ዶሮ አይበላም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይዘልቃሉ፤ የነነዌ 3 ቀንና የሐዋርያት ጾምም አሉ። በአንጻሩ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ሠርጉም በዚያ ወራት ይበዛል። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ተጽፎ ሳለ ሐሙስና ዓርብ እኩል ዶሮ የሚያዝዝ ቤት ካለ፣ ዓርብ የተረፈው ቅዳሜ ለማን እንደሚቀርብ መጠየቅ ደንበኛ ሁሉ መብት አለው።

የረመዳን ነገር ደግሞ የተለየ ስሌት ይፈልጋል። ቀን ላይ ጸጥ ያለው ቤት በአፍጥር ሰዓት በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ጾመኛው የሚጠብቀው የፀሐይ መጥለቅን እንጂ የወጥ ቤቱን ዝግጁነት አይደለም። ስለዚህ ለዚያ ሰዓት የሚሆነው ዶሮ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ዘንግ ላይ መውጣት አለበት። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ገብተዋል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀኑ ሽያጭ በእጅጉ ይቀንሳል፣ የምሽቱ ሽያጭ ግን ቤቱ በሚያስተናግደው ሰው ይወሰናል። ይህም አንድ ልናልፈው የማንችለውን ጥያቄ ያነሣል፤ ዶሮው በማን እጅ ታረደ? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ማወቅ ይፈልጋል፤ ብዙዎች ግን አስተናጋጁን ለመጠየቅ ያፍራሉ፣ አፍረውም ሳያዝዙ ይወጣሉ። መልሱ በበሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሁለቱን በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዘንግ፣ በአንድ ቢላዋ ላስተናግድ ማለት ሁለቱንም ማጣት ነው።

ግምት የቱንም ያህል ቢሻሻል ዶሮ የሚያልቅበት ቀን አይጠፋም፤ መብራት የሚጠፋበት ቀንም አለ። መብራት ሲጠፋ ዘንጉ ይቆማል፤ በጋዝ የሚሠራውም ማሽን ቢሆን ዘንጉን የሚያዞረው ሞተር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ጄኔሬተር ከሌለ፣ ወይም ቶሎ ካልተነሣ፣ ለብ ብሎ የቆመ ግማሽ የበሰለ ዶሮ መብራቱ ሲመጣ እንደገና ዞሮ እንዲቀርብ መተው አይገባም፤ ኪሳራው መራራ ቢሆንም መጣል ነው። ደንበኛው ይህን ሁሉ ማወቅ ባይኖርበትም አንድ ነገር ግን ሊነገረው ይገባል፤ የሚቀጥለው ዶሮ የሚወርድበት ሰዓት። ዴቪድ ማይስተር የተባለው የአገልግሎት ሥራ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ በጻፈው ጽሑፍ፣ መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃ መጨረሻው ከታወቀው ይልቅ ረጅም ሆኖ እንደሚሰማ፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃም እንደዚያው እንደሚረዝም አስረድቷል። የእኛ አስተናጋጆች ግን የሚያውቁት መልስ «እየወጣ ነው» የሚለውን ብቻ ይመስላል። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዘው ተቀምጠው «ልጄ፣ ገና ነው እንዴ?» ሲሉ፣ «እናቴ፣ የሚቀጥለው 7 ሰዓት ከ10 ላይ ይወርዳል፤ እስከዚያ ድረስ ለልጆቹ ድንች ጥብስ ላምጣ?» የሚል አስተናጋጅ ቅሬታውን ከመነሻው ያስቀረዋል። ይህን ለማለት ግን አስተናጋጁ ራሱ ሰዓቱን ማወቅ አለበት፤ ሰዓቱ ያለውም በዚያ ደብተር ላይ ነው። አስተናጋጅ በውሸት የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን የነገረው ስላልነበረ ነው።

ዶሮው ገበታ ላይ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ከውጭ የተቀዳው የአቀራረብ ልማድ ለአንድ ሰው ሩብ ወይም ግማሽ ዶሮ በየሰሃኑ ማደል ነው። ለብቻው ለሚበላ ሰው ይህ ይስማማል፤ በእኛ አገር ግን ዶሮ ብቻውን የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፣ ሦስትም አምስትም ሆነው ከአንድ ትሪ የሚቆርሱ ይበዛሉ። ከዚህም በላይ ዶሮ በ12 ብልት የሚበለትበትና እያንዳንዱ ብልት የሚታወቅበት አገር ሰው ነን። ፈረሰኛው ለማን እንደሚሰጥ፣ መላላጫው ለማን እንደሚቀርብ የሚያውቅ ደንበኛ ተቆራርጦ የመጣ ዶሮ ሲያይ በዓይኑ ይቆጥራል፤ አንድ ክንፍ የጎደለ መስሎ ከታየው አፍ አውጥቶ ባይናገርም ይቀየማል። ስለዚህ ሙሉ ዶሮ ያዘዘ ገበታ ዶሮውን ሙሉውን ይይ፤ ከዚያ በፊቱ ይቆረጥለት፣ ወይም ስንት ቦታ እንዲቆረጥ ይጠየቅ። ጊዜ ይወስዳል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ከእሳት የወረደ ዶሮ ከመቆረጡ በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ማረፍ ስላለበት ጊዜው ቀድሞውንም አለ። ሳያርፍ የተቆረጠ ዶሮ ፈሳሹ ሁሉ መክተፊያው ላይ ይቀራል።

በአጥንቱ አካባቢ ስለሚታየው ቅላትም ልናገር፤ ዶሮ ወደ ወጥ ቤት የሚመለስበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነውና። የሐበሻ ዶሮ ዕድሜው የጠና ነው፤ ወጡም በረጅም ጊዜ ይንተከተካል፤ ስለዚህ ዓይናችን በአጥንት ሥር ቀይ ነገር ማየት አልለመደም። የፈረንጁ የሥጋ ዶሮ ግን የሚታረደው ብዙ ጊዜ በስድስትና በሰባት ሳምንቱ ነው፤ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፣ መቅኑ ሲሞቅ በአጥንቱ ውስጥ ሠርጎ ወጥቶ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያቀላዋል። ሥጋው 74 ዲግሪ ደርሶ ፈጽሞ በስሎም ቅላቱ ሊታይ ይችላል። አስተናጋጁ በዚህ ጊዜ «የበሰለ ነው» ብሎ ቢከራከር ይሸነፋል፤ ደንበኛው ያየውን አይቷል። ቴርሞሜትሩን ይዞ መጥቶ እዚያው አስገብቶ ማሳየት ይሻላል፤ ያም ካላረካው ቁራጩን መልሶ ለጥቂት ደቂቃ እሳት ማስነካት ማንንም አይጎዳም። ቴርሞሜትር የሌለው ቤት በበኩሉ ቅላቱ ከመቅኒ ይሁን ከጥሬነት ራሱም አያውቅምና ይከራከር ዘንድ አይገባውም።

ስለ ንጽሕና የሚጠበቀውን ሁላችሁም ስለምታውቁት በእጅ መታጠቢያው ላይ ብቻ ጥቂት ልበል። በዚህ ቤት የሚበላው በእጅ ነው፣ ምግቡም ቅባት ነው፤ ከመብላቱ በፊት ያለው ውሃና ሳሙና ከተሟላ በኋላ ያለውም ሊሟላ ይገባል፣ ቢቻልም ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ደንበኛው ስለ ወጥ ቤታችሁ ንጽሕና የሚፈርደው ወጥ ቤቱን አይቶ አይደለም፤ መታጠቢያውን አይቶ ነው። ወጥ ቤቱን በሚመለከት፣ ዶሮ በሎሚና በጨው አጥቦ ጠረኑን ማጥፋት የእናቶቻችን ወግ ስለሆነ አይቀርም፤ የጥሬ ዶሮ እጣቢ እየተረጨ ሰላጣና ሰሃን እንዳይነካ ግን ለዶሮው ብቻ የተለየ መታጠቢያ ያስፈልገዋል። ስለ ማባያዎቹም አንድ ነገር ላክል፦ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከውጭ መመሪያ ላይ የተቀዳ የድንችና የሩዝ መቀቀያ ጊዜ እዚህ ያጥራል።

ቅርንጫፍ ለማብዛት የምታስቡ ሰዎች የአንድ አሜሪካዊ ድርጅት ታሪክ ሊያስተምራችሁ ይችላል። ቦስተን ቺክን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1985 በማሳቹሴትስ ግዛት በኒውተን ከተማ የተከፈተው ትንሽ ቤት የሚሸጠው በዘንግ የተጠበሰ ዶሮና ቤት ውስጥ እንደሚሠራ ያለ ማባያ ነበር፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ ለቤተሰቡ እራት ይዞ የሚሄድበት ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 አክሲዮኑ ለሕዝብ ሲሸጥ በ20 ዶላር የቀረበው በመጀመሪያው ቀን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ዋለ። ስሙን ቦስተን ማርኬት ብሎ ለውጦ ከ1,100 በላይ ቤቶች ደረሰ፤ በ1998 ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ የሚከላከለውን የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ፣ በ2000 ማክዶናልድስ ገዛው፣ በ2007 መልሶ ሸጠው፣ በ2023 እና በ2024 ደግሞ የቀሩት ቅርንጫፎች አብዛኞቹ ተዘጉ። በኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ 27 ቅርንጫፎቹን ከደመወዝ ጋር በተያያዘ ጥሰት ሥራ አስቁሟል። ደመወዙን በወቅቱ ያላገኘ ሠራተኛ ረፋዱ ላይ ዶሮውን በሰዓቱ ይሰካል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ደንበኛ በሩ ላይ የሚያየው ችግር ከኋላ የተጀመረ ነው። በአንጻሩ በፔሩ፣ ሮጀር ሹለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በሊማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ የጀመረው በከሰል የሚጠበስ የዘንግ ዶሮ የአገሪቱ ሕዝብ የራሱ ምግብ አድርጎት፣ መንግሥትም በ2004 የባህል ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እዚያ የሚበላው ከድንች ጥብስ፣ ከሰላጣና ከአገሪቱ የቃሪያ ማባያ ጋር ነው። እኛም አዋዜና ሚጥሚጣ እያለን ማባያውን በየቢሉ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ማስከፈላችን አይገባኝም።

ይዞ ለመሄድ የሚገዛ ደንበኛ ምግቡን የሚቀምሰው ቤቱ ደርሶ ነው። ትኩስ ዶሮ አየር በማያስወጣ ዕቃ ሲዘጋ በገዛ እንፋሎቱ ይርሳል፤ ተንኮሻኩሾ የወጣው ቆዳ እርጥብ ወረቀት ይመስላል። ዕቃው ቀዳዳ ይኑረው፣ ድንቹ ለብቻው ይታሰር። በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶ የሚሄድ ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ባጃጁ ከመጣ በኋላ ይቆረጥ፤ ቀድሞ ተቆርጦ ሹፌር የሚጠብቅ ዶሮ በመንገድ ላይ ሳይሆን በመሸጫ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀዘቅዘው።

በመጨረሻ የተመለሰ ዶሮ ሲያጋጥም ምን ይደረግ ለሚለው የማቀርበው አሠራር አጭር ነው። አስተናጋጁ ኃላፊውን ሳይጠይቅ ዶሮውን የመለወጥ ወይም ከሂሳቡ የማስሰረዝ ሥልጣን ይኑረው፤ ዋጋው ከእርሱ ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ይህ ሥልጣን በወረቀት ብቻ ይቀራል፣ ምክንያቱም ማንም ሰው በራሱ ኪስ ላይ አይፈርድም። የተመለሰው ዶሮ በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ከደንበኛው ቃል አጠገብ ዶሮው የተሰካበት፣ የወረደበትና ገበታ ላይ የቀረበበት ሦስቱ ሰዓቶች ይቀመጡ። በወሩ መጨረሻ ባለቤቱ፣ ሼፉና አስተናጋጆቹ አብረው ተቀምጠው እነዚያን ሦስት ዓምዶች ያንብቡ፤ የሚቀጥለውን ወር የመሰኪያ ሰዓትም የቀን መቁጠሪያውን ከአጠገባቸው አድርገው እዚያው ይወስኑ።